የማስተሩ ተተኪ

አምቡላንሱ ሲደርስ የፋብሪካው የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ቀኑ እሑድ ስለሆነ ግቢው ጭር ብሏል። ሾፌሩ ክላክስ ቢያደርግ፣ ቢጣራ፣ ብቅ የሚል ሰው ጠፋ። ነርሱ ቦርሳውን አንግቦ ክፍት ያገኘውን በር ሁሉ እየተከተለ ሲገባ፣ የጥበቃውን ሽማግሌ ጨርቅ በሚቀለምበት ክፍል ውስጥ፣ ከትልቁ ማሽን ሥር ወድቀው አገኛቸው። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። ይተነፍሳሉ፤ ሲጠሯቸው ግን አይሰሙም።

ኢንስፔክተሯ ስትመጣ ሽማግሌው ወደ ሆስፒታል ተወስደው፣ ቃሉን ለመስጠት የቀረው ነርሱ ብቻ ነበር።

"አወዳደቃቸውን ንገረኝ" አለችው።

"አወዳደቃቸውን አላየሁም። ያየሁት አተኛኛቸውን ነው" አለ ነርሱ። "የሆነ ሰው በጎናቸው አስተኝቷቸዋል። ትንፋሽ እንዳያጥራቸው አገጫቸውን ቀና አድርጎ፣ ከራሳቸው ሥር ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፎ አኑሮላቸዋል። እኛ ጋ የተደወለውም ከራሳቸው ስልክ ነው።"

አብሯት የመጣው ሳጅን ከማሽኑ ወዲያ አጎንብሶ ወለሉን ያይ ነበር። "ሰው ፈንክቶ ትራስ የሚያቀርብ ሌባ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም" አለ።

ወለሉ እርጥብ ነው። የማሽኑ መወጣጫ የብረት ጠርዝ ላይ ደም አለ። ከጠርዙ በላይ ደግሞ የመቆጣጠሪያው ሳጥን ተከፍቷል፤ ቁልፉ አልተሰበረም፣ አልተፈለቀቀም። ከውስጡ መዳፍ የምታህል አንዲት የኤሌክትሮኒክ ካርድ ከነበረችበት ተነቅላለች። ሌላ የተነካ ነገር የለም።

ሥራ አስኪያጁ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ እያለከለከ ደረሰ። የሳጥኑን ባዶ ቦታ ሲያይ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

"ያቺ ካርድ ከሌለች ይኼ ማሽን ዝም ብሎ ብረት ነው" አለ። "ምትኳ ከውጭ እስክትመጣ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"ሁለት ነው ያለው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ማስተር ጋ።" ማስተር የሚሉት ከውጭ አገር ያስመጡት የቀለም ባለሙያ መሆኑን አስረዳት። ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ የሥራ ፈቃዱ በዚህ ወር ያልቃል። "ደግሞ ነገ ጠዋት የሥራ ፈቃድ ሰዎች ሊመጡ ነበር። ማስተር ያሠለጠነውን ተተኪ በዚህ ማሽን ላይ ሊፈትኑት።"

"ዛሬ ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?"

"ለቅሶ" አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ኮቱንም እንደ ማስረጃ ነካ ነካ አደረገው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማስተሩ ቤት ሄዱ። በሩ ተቆልፏል። አከራይዋ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ብቅ ብለው፣ "አሁን በቅርቡ ነው የወጣው፣ ልጄ። ስልክ ተደወለለት፤ ከዚያ ትልቅ ሻንጣ ይዞ እየሮጠ ወጣ። ደህና ዋሉ እንኳ አላለኝም፤ ሌላ ጊዜ ሳይል አያልፍም" አሏት።

"በቃ፣ በረረ" አለ ሳጅኑ ወደ መኪናው ሲመለሱ። "ፈቃድህን አናድስም ሲሉት ማሽናቸውን ገደለባቸው። ሽማግሌው ደረሱበት። አለቀ።"

ኢንስፔክተሯ ግን ስለ ትራሱ እያሰበች ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ እሷ ሆነች። የፋብሪካውን ጉዳይ የያዘችው ባለሙያ ንግግሯ የተቆጠበ፣ ግን የተጠየቀችውን የማትሸሽ ሴት ነበረች።

"ቀጣሪ ከውጭ ባለሙያ ሲያመጣ እንዲሁ አንፈቅድለትም" አለቻት። "መጀመሪያ እዚህ አገር ያንን ሥራ የሚችል ሰው ፈልጎ ማጣቱን ያሳየናል። ከዚያ አንድ የአገር ልጅ ከባለሙያው ጎን ይመድባል። ልጁ ሙያውን ሲይዝ እንግዳው ወደ አገሩ ይሄዳል። የፈቃዱ ነገር ይኸው ነው።"

"የትናንቱ ነገር ባይደርስ ኖሮ፣ ዛሬ ተተኪው ፈተናውን ቢያልፍስ?"

"የማስተሩ ፈቃድ አይታደስም።"

"ቢወድቅስ?"

"ያኔ ደግሞ ፋብሪካው 'ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስታስተምሩ ነበር' ይባላል። ማስተሩም ሙያውን ደብቋል ተብሎ አይታደስለትም።"

"እንግዲያው ቢያልፍም ቢወድቅም ሰውዬው ሂያጅ ነው።"

"ነው። ፈተናው ካልተካሄደ ብቻ ነው የሚቆየው። ማሽን ተበላሽቶ ከዘገየ፣ እስኪጠገን ድረስ ጊዜያዊ ማራዘሚያ እንሰጣለን።" ባለሙያዋ የተናገረችው ነገር ወዴት እንደሚያመራ የገባት ያኔ ነው። "እኔ እንኳ እንዲህ ይጠቅማል ብዬ አስቤው አላውቅም" አለች ቀስ ብላ።

ሳጅኑ ውጭ መኪናው ውስጥ ሲሰማ ፊቱ በራ። "አላልኩም? ከማስተሩ ሌላ የሚጠቀም የለም።"

ፋብሪካው ሥራ ፈቶ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ በየጥላው ቁጭ ቁጭ ብሏል። ተተኪውን ማሽኑ አጠገብ ብቻውን ቆሞ አገኙት። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ረዘም ያለ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ሰው ነው።

"ሁሉም ተተኪው ነው የሚሉህ፤ ስም የለህም እንዴ?" አለችው ኢንስፔክተሯ ለማለሳለስ ያህል።

"ነበረኝ" አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። "አሁን እኔም ተተኪው ሲሉኝ ነው የምዞረው።"

"ማስተሩ ሲሄድ ቦታው ያንተ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ደስ አይልም?"

እጁ ላይ ያለውን ቀለም አሸት አሸት አደረገ። "ደስ ይላል" አለ። ከዚያ ወዲያው፣ "ሽማግሌው እንዴት አደሩ?" ብሎ ጠየቀ። ከጠዋት ጀምሮ ካነጋገረቻቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከማሽኑ አስቀድሞ ስለ ሽማግሌው የጠየቃት እሱ ብቻ ነበር።

እሑድ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እህቱ ቤት እንደነበር ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያሳደገችውም እሷ ናት። ሳጅኑ ለእህትየዋ ደወለላት፤ እሷም ሳታመነታ አረጋገጠች። "እዚሁ ነበር፤ ክር ላምጣልሽ ብሎ ትንሽ ብቅ ከማለቱ በቀር" አለችው።

"እሱ ከዝርዝሩ ይውጣ" አለ ሳጅኑ ስልኩን እየዘጋ። "ፈተናው ቢካሄድ ሹመት የሚያገኘው እሱ ነው። የራሱን እንጀራ ማን ይረግጣል?"

ይልቅ ጥርጣሬው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። ሳጅኑ ለቅሶ ነበርኩ ወዳለበት ቤት ሄዶ ቢጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጁን ያየው ሰው የለም። ቁልፍ አለው። ማስተሩ ከሄደበት ደግሞ ጥራቱ እንዳይወርድ ይፈራል፤ ይኼን ለሠራተኛው ሁሉ ሲናገር ሰምተውታል። ቢሮው ውስጥ በሩን ዘግተው ያዙት።

"የማን ለቅሶ ነበር?" አለችው ኢንስፔክተሯ።

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ሟሟ። "ጥቁር ኮት ያለኝ እሱ አንድ ብቻ ነው" አለ በመጨረሻ። "ለለቅሶም ለሥራ ቃለ መጠይቅም የምለብሰው እሱኑ ነው። እሑድ ሌላ ፋብሪካ ልቀጠር ሄጄ ነበር። እባካችሁ ባለቤቶቹ እንዳይሰሙ።"

ሳጅኑ ደውሎ አጣራ። እውነቱን ነበር፤ ሽማግሌው በወደቁበት ሰዓት ሦስት ሰዎች ፊት ተቀምጦ ስለ ራሱ ጥሩ ጥሩውን ያወራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሽማግሌውን ሁኔታ ለማየት ሆስፒታል ሄዱ። ከክፍሉ በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የሽማግሌው ባለቤት በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልለው አንቀላፍተዋል። አጠገባቸው ፀጉሩ የሸበተ የውጭ አገር ሰው ተቀምጦ፣ እንዳይወድቁ በትከሻው ደግፏቸዋል። እግሩ ሥር የተከፈተ ትልቅ ሻንጣ አለ፤ ውስጡ ትራስ፣ ፎጣ፣ ቴርሞስ።

"የበረረው ሰውዬህ" አለች ኢንስፔክተሯ በለሆሳስ፤ ሳጅኑ ስቅቅ አለ።

ማስተሩ ሴትየዋን ቀስ አድርጎ አስተኝቶ ተነሣ። ሳጅኑ ከእንቅልፍ ማጣት ዓይኑ ቀልቷል። ማስተሩ አየውና ወንበሩን አመለከተው። "ደክሞሻል። አንቺ ቁጭ በዪ" አለው።

ሳጅኑ ግራ ቀኙን አየ። "እኔን ነው?"

"አዎ፣ አንቺን" አለ ማስተሩ በትሕትና።

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጥያቄዋን ጀመረች። እሑድ የት ነበሩ? ወዳጅ ቤት። የማን ወዳጅ? ጎንበስ ብሎ የሴትየዋን ብርድ ልብስ አስተካከለ። የሳጥኑ ቁልፍ የት አለ? ማስተሩ የኮቱን ኪስ ዳበሰ፤ እጁ እዚያው ቀረ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየችው። ቁልፉን በማጣቱ የደነገጠ አይመስልም፤ ማን እንደወሰደው የገባው ሰው ነው የሚመስለው።

"እኔ ነኝ" አለ። "ካርድ እኔ ወሰድኩ። ሰውዬው እኔን አየ፣ ወደቀ። ሌላ ሰው አትጠይቂ።"

"ካርዷ የት አለች?"

"ጣልኳት።"

"የት?"

"ውኃ ውስጥ።"

"የትኛው ውኃ?"

ማስተሩ ማሰብ ጀመረ። ለማስታወስ ሳይሆን ለመፍጠር እንደሚያስብ ያስታውቃል።

ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰደችው። "የአምቡላንስ ጥሪ የተቀበለው ማን ነው?"

"ወጣት ልጅ ነው፤ ጠዋት አናግሬዋለሁ። ደዋዩ የተናገረውን ቃል በቃል ነግሮኛል።" ሳጅኑ አስታወሰ። "'ወንድሜ፣ ፈጥነህ ላክልኝ፤ አንድ አባት ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመትቷል፤ በጎናቸው አስተኝቻቸዋለሁ' ነው ያለው።"

"ወንድሜ፣ ፈጥነህ" ደገመች ኢንስፔክተሯ። "ይኼ ሰውዬ አንተን ከነጢምህ አንቺ ብሎሃል።"

ሳጅኑ ጢሙን ዳበሰ።

"ሁለት ዓመት ወንዶች ብቻ በሞሉበት ክፍል ሲሠራ የቆየ ሰው፣ 'ና' እና 'ሂድ' ነው መልመድ የነበረበት" አለች። "ቋንቋውን ሴቶች እርስ በርስ ሲያወሩ በሰማበት ቦታ ነው የለመደው። ብዙ ሴት የሚገባ የሚወጣበት ቤት። አንቺ ነይ፣ አንቺ ለኪ፣ አንቺ ዙሪ የሚባልበት።"

"ልብስ ሰፊ ቤት" አለ ሳጅኑ።

"እህትየዋ ምን አለችህ? ክር ሊገዛ ወጣ?"

"አዎ።"

"እሑድ ከሰዓት የክር ሱቅ ክፍት ነው?"

ሊመልስላት ሲል አንዲት ነርስ ብቅ ብላ ሽማግሌው መንቃታቸውን ነገረቻቸው። ራሳቸው በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው።

"ድምፅ ሰምቼ ገባሁ" አሏት። "አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩት። እኔ ስጎትት እሱ ሲሸሽ፣ ወለሉ አዳለጠኝ። ከዚያ ወዲህ አላውቅም።"

"አልመታዎትም?"

"ኧረ አልመታኝም፣ ልጄ።"

"ፊቱንስ አዩት?"

ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ፊቱን አላየሁም" አሉ። እንዳዩት ገባት። አላስጨነቀቻቸውም።

የልብስ ሰፊዋ ቤት ከመንገድ ዳር ነው። ፊት ለፊት መስኮቱ ላይ ያለቀ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ውስጥ ሁለት ሴቶች ልክ እየተለኩ ነበር። ባለቤቲቱ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደጣለች ፖሊሶቹን ስታይ፣ ደንበኞቿን "ነገ ተመለሱልኝ" ብላ ሸኘች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ወንድሟ ከጓዳ በር ላይ ቆሟል።

ኢንስፔክተሯ ሳትጠየቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እሑድ ማስተሩ እዚህ ምሳ በልቷል" አለች።

ሴትየዋ ወንድሟን አየችው። "በልቷል" አለች። "ማንም እንዲያውቅ አልፈለግንም እንጂ ልንጋባ ነው። ከአገሩ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው። ሁለት ወር ይፈጃል ብለውታል። የተተኪው እህት መሆኔን የሥራ ፈቃድ ሰዎች ከሰሙ ደግሞ፣ ማስተር ስለ ወንድሜ የሚሰጠውን ምስክርነት አያምኑትም ብለን ፈራን።"

"ኮቱ የት ነበር፣ ምሳ ሲበላ?"

"እዚህ። ገበሩ ተተርትሮ እየሰፋሁለት…" ንግግሯን አልጨረሰችውም። ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። "ክር ላምጣልሽ ብለህ ወጣህ" አለችው። "ባዶ እጅህን ነው የተመለስከው። ተዘግቷል አልከኝ።"

"እታለም…" አለ።

"ማስተሩ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ፣ ሆስፒታል ተቀምጦ ልንወስደው እየጠበቀን ነው" አለች ኢንስፔክተሯ። ለተተኪው ነበር የተናገረችው።

ተተኪው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "እሱ ምንም አያውቅም" አለ። "ቁልፉን ከኪሱ ወስጄ ልመልሰው አስቤ ነበር፤ በድንጋጤ እኔው ጋ ቀረ። ካርዷም እዚያ ናት፤ ጓዳ፣ ከክር ሳጥኑ ሥር። ጭረት የላትም። ወረቀቱ መጥቶ ሲጋቡ ልመልሳት ነበር፤ ከተጋቡ አይባረርም።" ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወለሉ ላይ አኖረው። "ሽማግሌው እሑድ ከሰዓት የኋላውን ግቢ እንደሚዞሩ አውቃለሁ። በጎን በር ነው የገባሁት። ያዙኝ። ደንግጬ ተመነጨቅኩ። ሲወድቁ የተሰማው ድምፅ… እስካሁን እሰማዋለሁ። ደወልኩ፤ የአምቡላንሱን ድምፅ ስሰማ ዋናውን በር ከፍቼ ወጣሁ። እዚያው መቆየት ነበረብኝ።"

"ለምን አደረግከው?" አለች እህቱ። ድምፅዋ አልጨመረም።

"እናታችን ስትሞት እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር፤ አንቺም ልጅ ነበርሽ" አላት። "የጠየቀሽን ሁሉ 'ወንድሜን ላሳድግ' እያልሽ መለስሽ። አሁን ገና አንድ ሰው ስታገኚ፣ እኔ ፈተና አልፌ ላባርረው? ብወድቅም ይባረራል። ምን ላድርግ?"

"ማን ጠየቀህ?" አለች። "እኔ አንተን ለደመወዝ ነው ያሳደግኩህ፣ እንድትከፍለኝ?" ከዚያ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣ በሰማያዊ ቀለም የተበከለውን እጁን ይዛ ሳታስበው በቀሚሷ ጫፍ ታሸው ጀመር። ቀለሙ አይለቅም።

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ኢንስፔክተሯ እንዲመልሰው በዓይኗ ነገረችው። "ካርዷን አምጣትና በራስህ እግር ና" አለችው ለተተኪው። "ጎረቤት ቆሟል።"

ሽማግሌው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ "ያዳለጠኝ ወለሉ ነው፤ እሱማ ነው ያተረፈኝ" ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ተተኪው በዋስ ወጣ፤ የኋላ ኋላም በገደብ ተቀጣ። ፋብሪካው ግን በዚያው ሳምንት ከሥራ አሰናበተው። ኢንስፔክተሯ ካርዷን ልታስረክብ ስትሄድ፣ ሥራ አስኪያጁ ያልጠበቀችውን ነገር ነገራት። ተተኪ ስለሌለ ፈተና የለም፤ ፋብሪካው አዲስ ሰው ይመድባል፤ እሱ እስኪሠለጥን የማስተሩ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይታደሳል።

"ልጁ የፈለገውን አገኘ ማለት ነው" አለች።

"ማስተሩ እኮ እንቢ አለ" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ሥራ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ፣ 'የእኔ ተተኪ ያ ነው፣ እሱን ፈትኑ' ብሎ ቆመባቸው። ለባለቤቶቹም ሌላ ሰው አላስተምርም አላቸው። ምን ያድርጉ? ሁለቱም ከሌሉ ማሽኑ አይዞርም። መልሰው ጠሩት።"

ፈተናው በሚካሄድበት ቀን ኢንስፔክተሯ ምንም ጉዳይ ሳይኖራት ሄደች። የሥራ ፈቃድ ባለሙያዋ ከሁለት ፈታኞች ጋር ቆማለች። ተተኪው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ እንዲያወጣ ታዘዘ። ቀለሙን መመዘን ሲጀምር ዓይኑ በየደቂቃው ወደ ማስተሩ ይሄዳል። ማስተሩ ይኼን ሲያይ ቀስ ብሎ ወጣ። ኢንስፔክተሯ ተከተለችው።

"ዝም ቢሉ ኖሮ አንድ ዓመት ነበረዎት" አለችው።

"እኔ ዝም ስል፣ ሰዎች 'ካርድ የወሰደ ልጅ' ይሉታል፣ ሁልጊዜ" አለ ማስተሩ ቃል እየፈለገ። "እሱ ግን ቀለም ያውቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሰዎች ይኼን ይዩ።"

ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ባለሙያዋ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ይዛ ብቅ አለች። አረንጓዴው ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ማስተሩ ጨርቁን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ ገለባበጠው፤ ስህተት አጣበት። አገር ለቆ እንዲወጣ የተሰጠው ጊዜ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆጠር ጀመረ፤ ወረቀቱም ሳይደርስለት ሄደ።

ዝናቡ አልፎ አየሩ በተከፈተ ሰሞን፣ ልብስ ሰፊዋ ኢንስፔክተሯ ቢሮ በር ላይ ቆመች። ያሰፋችው ሳይሆን የሰፋችው ያማረ ሱፍ ለብሳለች።

"ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ይሰጣሉ ብለውኝ ነው" አለች።

"ለምን ፈለግሽው?"

"እሱ አገር አንድ የሠርግ ልብስ ቤት ሊቀጥረኝ ነው። የሥራዬን ፎቶ አይተው። ቀጣሪዋ እንደኔ የሚሰፋ ሰው እዚያ ፈልጋ ማጣቷን አሳይታ ነው የምታስፈቅደው አሉ።" ሜትር እንደለመደ ሰው አንገቷን ዳበሰች። "አንዲት የአገራቸውን ልጅም አስተምራለሁ። ተተኪዬን።"

"እሷ ሙያውን ስትይዝስ?"

"ወንድሜም እሱን ነው የጠየቀኝ" አለች። "እስከዚያ እንጋባለን አልኩት።"

ኢንስፔክተሯ ከወንበሯ ተነሣች። አሻራ የሚነሣበት መስኮት ሰልፍ እንደሚበዛበት ታውቃለች። ሴትየዋን በክንዷ ይዛ በጓሮ በር አዞረቻት።